መቶ ከመቶ

«ለመላው የዊንተርሌይ አካዳሚ ቤተሰብ፦ ከዛሬ ሐሙስ ጀምሮ፣ ከስፖርት አዳራሹ አጠገብ ካሉት ሁለት የውሃ መጠጫ ቧንቧዎች የግራው ‹የሎዌልና የሃሪየት ፒም መታሰቢያ የውሃ መጠጫ› ተብሎ እንደሚጠራ ስናበስር ታላቅ ክብር ይሰማናል። የቀኙ ቧንቧ ለጊዜው ስም የለውም፤ ፍላጎት ያላችሁ ወላጆች የልማት ቢሮውን ማነጋገር ትችላላችሁ። ተማሪዎች ከጠጡ በኋላ እጃቸውን በነሐስ ሰሌዳው ላይ እንዳይጠርጉ በትሕትና እንጠይቃለን።»

ዶሪን ስታንስበሪ ይህን የገዛ ድርሰቷን ከስልኳ ላይ ጮክ ብላ ስታነብ ታላቅ ወንድሟ ቨርነን ምድጃው ዘንድ ቆሞ ስክራፕል ይጠብስ ነበር። ስክራፕል ከአሳማው ማንም ያልፈለገው ሁሉ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተለውሶ የሚጠበስ ነገር ነው፤ ቨርነን ያለ እሱ ቀን አይጀምርም፤ ዶሪን ደግሞ ሽታው ከሹራቧ አይወጣም እያለች ስትነጫነጭ እድሜዋን ፈጅታለች።

«የቀኙስ ስንት ነው?» አለ ሳይዞር።

«አስራ አምስት ሺህ ዶላር።»

«ከነውሃው?»

«ውሃው አይጨምርም።»

በዚያ ሳምንት ውስጥ ከተነጋገሩት ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። ዶሪን ቦርሳዋን ከፈተች፤ አንዲት አዲስ፣ እጥፋት የሌላት አንድ ዶላር አውጥታ ከሳህኑ አጠገብ አኖረችለት፤ ልክ ለታመመ ሰው ኪኒን እንደሚያስቀምጡለት። ቨርነን ስክራፕሉን ይዞ መጣ፤ ተቀመጠ፤ የቡና ኩባያውን አንስቶ ዶላሯ ላይ አስቀመጠው። በላ። ሳህኑን አጠበ። ሲነሳ ኩባያውን አነሳ፤ ዶላሯ ላይ ክብ የቡና ማኅተም ቀርቷል፤ ዶሪን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። እናታቸው ለሁለቱ እኩል ብላ ያወረሰቻቸው ይህ ጠባብ የባልቲሞር ቤት በረንዳ የለውም፤ ከበሩ ሲወጡ ሦስት ነጭ የእብነ በረድ ደረጃዎች አሉ፣ ከዚያ መንገዱ ነው። ስለዚህ አኩርፎ የወጣ ሰው ኩርፊያውን የሚወጣበት ቦታ የለውም፤ ወዲያው ጎረቤት ያየዋል። ቨርነን ለጎረቤቷ ባርኔጣውን አነሳላትና ወደ አውቶቡስ ፌርማታ አቀና። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ዶሪን መኪና አላት። የጎኗ ወንበር ባዶውን ከእሷ ጋር ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንተርሌይ ቋሚ ፈንድ የሚሉት ገንዘብ አለው። ቋሚ ፈንድ ማለት የማትታረድ ላም ናት፤ ሥጋዋን ማንም አይቀምስም፤ ወተቷም ቢሆን በዓመት ከመቶ አራት እጁ ብቻ ይታለብና የቀረውን ራሷ መልሳ ትጠጣዋለች፣ እንድትወፍር። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ በክፉ ዘመን ሁሉ በሩን ሳይዘጋ የቆየው በዚህችው ላም ነው። ችግሩ፣ ላሟ አንድ አካል አይደለችም፤ እያንዳንዱ ለጋሽ የሰጠው ጡት ለሰጠበት ጉዳይ ብቻ ይታለባል። ከመቶ ዓመት በፊት አንዲት ደግ ሴት ለትምህርት ቤቱ ሠረገላ ፈረስ የድርቆሽ መግዣ ብለው ተናዘዙ። ፈረሱ ሞተ፤ ሠረገላውም ተሸጠ፤ ድርቆሹ ግን ወለደ ተዋለደ። ዛሬም በየመከር ወቅቱ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ድርቆሽ ይገዛና ሜዳው ላይ ይከመራል፤ ልጆች ፎቶ ይነሱበታል። የእንጨት ሥራ ክፍሉ ጣሪያ ግን ያፈስሳል፤ ለጣሪያ የሚሆን ጡት የለማ።

ርዕሰ መምህሩ ዶክተር ሃሎዌል ስለዚህ ሁሉ ሲጠየቁ ዓይናቸው እንባ ያቀርርና ስላልተወለደው ተማሪ ያወራሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያ በር ስለሚገባው ልጅ። ያልተወለደውን ተማሪ እንደሚወዱት የተወለደውን ወደውት አያውቁም፤ ያልተወለደ ተማሪ አያስነጥስም፣ መስኮት አይሰብርም፣ እናቱም ስልክ አትደውልም። ዘንድሮ ደግሞ ለዚህ ልጅ አንዲት ባለጸጋ አያት ተገኙለት፤ ወይዘሮ ኢዳ ረክስተን፣ የዘጠና አንድ ዓመት እመበለት፣ ባላቸው በጃንጥላ ፋብሪካ የከበሩ። ለቋሚ ፈንዱ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ሊሰጡ ቃል ገቡ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ከርዕሰ መምህሩ እስከ ሳህን አጣቢው፣ ከትምህርት ቤቱ ደሞዝ የሚበላ ሰው ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ በገዛ ፈቃዱ፣ አንድ ዶላርም ቢሆን ለፈንዱ መስጠት አለበት፤ እስከ ሐሙስ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት። «የገዛ ቤተኛው ያላመነበትን ቤት እኔ ምን ብዬ አምነዋለሁ?» ነበር ያሉት።

ሁሉም ሰጠ። የላቲን መምህሩ ሰጠ፤ ነርሷ ሰጠች፤ ደሞዝ ጨምሩልን ብለው ክረምቱን ሙሉ የጮኹት የጽዳት ሠራተኞች እንኳ እየተሳደቡ ሰጡ። የቀረው ቨርነን ስታንስበሪ ብቻ ነው፤ የእንጨት ሥራ መምህሩ። ልገሳ የምትሰበስበው ደግሞ እህቱ። የቢሮዋ ስም የልማት ቢሮ ነው፤ ሥራው ልመና ነው። ባለፈው ሰኞ ዶክተር ሃሎዌል አስጠርተዋት፣ በር ዘግተው፣ ብስኩት ጋብዘው እንዲህ አሏት። «ዶሪን፣ የገዛ ወንድሟን ማሳመን ያቃታት ሴት የሰውን አባት እንዴት ታሳምናለች? መቶ ከመቶ ካልሞላ ዓርብ ጠዋት ስለ ወንበርሽ እንነጋገራለን።» ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። በዚህ እድሜ ሌላ ደጅ ሄዳ ልለምንላችሁ ብትል፣ ከተማው ጥርሱ የነጣ ወጣት ለማኝ ሞልቶታል።

ግቢው ውስጥ በሐሙሱ ጠዋት ሌላ ወሬ አልነበረም። ዋናው ኮሪደር ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የወረቀት ቴርሞሜትር ተለጥፏል፤ ቀዩ ቀለም እየወጣ ወጥቶ ከጫፉ ሥር አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ቆሟል። ዶሪን በሥሩ ስታልፍ፣ የረጅም ዘመን ልማድ ሆኖባት፣ ዓይኗ ከሰሌዳ ሰሌዳ ይዘላል። የደረጃው እጀታ ስም አለው። ሦስተኛው ደረጃ ስም አለው። የጠፉ ዕቃዎች ሣጥን ሳይቀር የአንድ የጥርስ ሐኪም መታሰቢያ ነው። የመምህራን ማረፊያው ውስጥ ስለ ወንድሟ ችሎት ተሰይሟል። አንዱ ቆንቋና ነው ይላል፤ አንዱ ኮሙኒስት ነው ይላል፤ የሒሳብ መምህሯ፣ የአንድ ዶላር ግብር ቅናሽ ስለማያዋጣው ነው አለች። እሷ ብቅ ስትል ሁሉም ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ። የግንቦት ዝናብ ይጥል ነበርና ወሬው አላነሰም።

በምሳ ሰዓት ወደ እንጨት ሥራ ክፍሉ ወረደች። ቨርነን ተማሪዎቹን አሰናብቶ ብቻውን አንድ ጠረጴዛ ይልጋል። ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ በላስቲክ ባልዲ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ባልዲው ስም የለውም፤ ግቢው ውስጥ ስም የሌለው ዕቃ እሱና የቀኙ ቧንቧ ሳይሆኑ አይቀሩም። እሷ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የመላጊያው ድምፅ አላቆመም።

«አንድ ዶላር ነው፣ ቨርን።»

«አውቃለሁ። ስንት እንደሆነ ማንም አልደበቀኝም።»

«በጣሪያው ተናደህ ነው?»

«አይደለም።»

«ሃሎዌል ስንት ዓመት ሙሉ ቪንሰንት እያሉ ስለሚጠሩህ ነው?»

«ቪንሰንት ጥሩ ስም ነው።»

«ታዲያ ማን ምን በደለህ? ንገረኝና ይቅርታ ላስጠይቅልህ።»

«ማንም።»

«አንተ ሰው፣ እኔን እኮ ሊያባርሩኝ ነው!»

መላጊያው ቆመ። «እናባርርሻለን አሉሽ?»

«ስለ ወንበርሽ እንነጋገራለን አሉኝ።»

«ወንበሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ምንም አይሆንም» አለና መላጊያውን መልሶ አነሳ።

ዶሪን ተነሳች። የምትለው ብዙ ነበር፤ እናታቸው ስትታመም ማን ነበር ሌሊቱን የሚቀመጠው፣ የቤቱን ቀረጥ ባለፈው ዓመት ማን ከፈለ፣ የማንን የሸርጣን ወጥ ማን ሳያስፈቅድ ጨረሰ። ሁሉም በአንድ ጊዜ በሩ ላይ ተጋፍተው አንዱም ሳይወጣ ቀረ። የሰጋቱራ ብናኙን ከቀሚሷ አራግፋ ወጣች፤ ደረጃውን ወጥታ በቀጥታ ወደ ገንዘብ ያዥዋ ወደ ጃኔል መስኮት ሄደች፤ ቦርሳዋን ከፍታ የቡና ማኅተም ያለባትን ዶላር አስቀመጠች።

«በቨርነን ስም።»

ጃኔል ከመነጽሯ በላይ አየቻት። «ወንድምሽ ያውቃል?»

«በልቡ ያውቃል።»

«የኔ ሆድ፣ ልብ የሚል ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ የለም። ያውቃል ወይስ አያውቅም?»

«ያውቃል።»

ጃኔል ተነፈሰችና ቁልፉን ነካች። ያን ጊዜ እንደ ልማዱ ደወሉ ተደወለ፤ ለእያንዳንዱ ልገሳ፣ ለሚሊዮኑም ለዶላሩም፣ ቢሮው ውስጥ የተሰቀለው የመርከብ ደወል ይደወላል። አንድ ሰው መሰላል ይዞ ሮጠ፤ ቴርሞሜትሩ እስከ አናቱ ቀላ፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ አጨበጨቡ። ዶክተር ሃሎዌል ከቢሯቸው ብቅ ብለው የዶሪንን ሁለት እጅ ያዙና «ያልተወለደው ልጅ ያመሰግንሻል!» አሏት። ዶሪን ወንበሯ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እውነትም ምንም አልሆነም።

የረሳችው ግን፣ ምስጋናውን ያደራጀችው ራሷ መሆኗን ነው። ማንም ቢሰጥ ሰዓት ሳይሞላ መመስገን አለበት የሚል ሥርዓት ሠርታለች፤ የምስጋናው መልእክት ለስልክ፣ የኮት ላይ ምልክቱ ደግሞ በእጅ ይደርሳል። ስለዚህ ቨርነን ጠረጴዛውን በሰም እየወለወለ ሳለ «የዘላለም ወዳጆች ማኅበር» አባል መሆኑን ስልኩ ነገረው። ቀጥሎ የጉጉት ወፍ ቅርጽ ያለው ሰማያዊ የኮት ምልክት በትንሽ ሣጥን መጣለት። ጉጉቷን በመዳፉ ይዞ ከነሰሙ ሽታ ወደ ጃኔል መስኮት ወጣ።

«ዶላሬን» አለ።

«ያንተ አይደለም፤ የእህትህ ነው።»

«እንግዲያው ዶላሯን ለእሷ መልሱላት፤ ስሜን ለኔ መልሱልኝ።»

ዶክተር ሃሎዌል የመርከብ ደወሉን ሁለተኛ መደወል ሲጠብቁ ይህን ሰምተው መጡ። «ቪንሰንት! የቁርጥ ቀን ልጅ!» አሉና ሊያቅፉት ሲሉ ፊቱን አይተው እጃቸውን ወደ ክራቫታቸው መለሱ። የቦርዱ ጠበቃ በስልክ ተጠየቁ። ጠበቃው፣ ቋሚ ፈንድ የገባ ገንዘብ በምንም ምክንያት አይወጣም አሉ፤ አንዲቷ ዶላር ከወጣች ሌላውም ልውጣ ይላል። ለጋሹ ከተከፋ ግን፣ ቦርዱ ፈቅዶ፣ የዶላሯን ዓመታዊ ወተት፣ አራት ሳንቲም፣ በየሰኔው ሊቀበል ይችላል። «ለዘላለም?» ብላ ጃኔል ጠየቀች። «ለዘላለም» አሉ ጠበቃው። ጃኔል መስኮቷን ጎትታ ዘጋችና ከኋላው ሆና ሳቀች፤ መስታወት መሆኑን ረስታው ነው።

ቨርነን ጉጉቷን መስኮቱ ሥር አስቀመጠ። «ሴትዮዋ ያሉት በገዛ ፈቃዱ ነው። በአስራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ።» እህቱን አላያትም። እህቱም የኮምፒውተሯን ቁልፎች እንደ አዲስ ነገር ትመለከት ነበር። እሱ እንደወጣ የዶክተር ሃሎዌል ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፈገግታ ታየ፤ የቤት ዕቃው የወጣበት ክፍል ይመስል ነበር። «ይህን ያደረገው ትምህርት ቤቱ አይደለም፤ አንቺ ነሽ» አሏት። «ወይዘሮ ረክስተን ከጠየቁ የምትመልሺው አንቺው ነሽ። ምን እንደምትይ አልነግርሽም፤ እኔ ምንም አላውቅም፣ ምንም አልሰማሁም።»

በአስራ አንድ ሰዓት ግድም ቤተ መጻሕፍቱ በአበባ ተሞልቶ፣ የወይን ብርጭቆው ተደርድሮ፣ የሸርጣን ጥብሱ በትንንሽ ዳቦ ላይ ተቀምጦ ይዞር ጀመር። የአንዷ ቁራሽ ዋጋ የምግብ ቤቱ ሳህን አጣቢ የሰዓት ደሞዝ ግማሽ ይሆናል፤ ያውም እሱ ዶላሩን ሰጥቷል። ወይዘሮ ረክስተን በተሽከርካሪ ወንበር ገቡ፤ ጭናቸው ላይ ጃንጥላ አለ፣ ጥቁር፣ እጀታው የተላጠ። የቦርዱ አባላት አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ጮክ ብለው ሰላም አሏቸው። «አልደነቆርኩም እኮ፤ ያረጀሁት ብቻ ነው» አሉ ሴትዮዋ። ዶክተር ሃሎዌል ንግግር አደረጉ። ያልተወለደው ልጅ መጣ፤ በዚያ በር ገባ፤ ላቲን ተማረ፤ አለቀሱ። በዚያው በር የገባው ግን ቨርነን ነበር፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩ በውሃ ተኝቶለት። ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ተደግፎ ቆመ። ጥብስ ሲቀርብለት በእጁ መለሰ።

«ደስ የሚል ንግግር ነው» አሉ ወይዘሮ ረክስተን። «አሁን ወደ ጉዳዬ። ሁሉም ሰጡ?»

«ዶሪን ትነግርዎታለች» አሉ ዶክተር ሃሎዌል፤ ይህን ሲሉ ከዶሪን አንድ እርምጃ ራቁ።

ዶሪን አፏን ከፈተች። አዎ ለማለት ነበር የከፈተችው፤ ለዚህች አንዲት ቃል ከቀትር ጀምሮ ስትዘጋጅ ውላለች። ቀላል ቃል ናት፤ ለጃኔል ብላታለች። ግን አሮጊቷ ትክ ብለው ያዩዋታል፤ ወንድሟ ደግሞ ከመደርደሪያው ሥር ጫማውን ያያል፤ ልጅ ሆነው እናታቸው ማን ሰበረው ብላ ስትጠይቅ እንደሚያደርገው፤ የሰበረችው እሷ ስትሆን።

«አንድ ሰው ቀርቷል» አለች። «እኔ ነኝ በስሙ የከፈልኩት። እሱ አልፈቀደም።»

በክፍሉ ውስጥ የሚታኘክ ሁሉ መታኘኩን አቆመ።

«ማን ነው እሱ?» አለ ቨርነን ከመደርደሪያው ዘንድ።

ዶሪን ዞረች። «አንተ ነሃ!»

«እኔ እዚህ አልሠራም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንድ ሰው ቀርቷል ማለት ስትጀምሪ ለቀቅሁ።»

«ተቀብያለሁ!» አሉ ዶክተር ሃሎዌል። የጣሪያው ጥያቄ ሦስት ዓመት ጠረጴዛቸው ላይ ተኝቷል፤ ይህኛው ግን መሬት ሳይነካ ነው የቀለቡት። ጠበቃው ሰዓታቸውን አዩ፤ አምስት ደቂቃ ይቀራል፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ረክስተን ቨርነንን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ የሚሉት ያለ ይመስል ነበር፤ ግን ያስቀመጡት ቃል የራሳቸው ነው፤ በላዩም ሁለት ሚሊዮን ተቀምጦበታል። «እንግዲህ ደሞዝ የሚበላው ሁሉ ሰጥቷል ማለት ነው» አሉ።

«መቶ ከመቶ፣ እመቤቴ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ከጭብጨባው በኋላ ዶክተር ሃሎዌል ሁለተኛ ንግግር አደረጉ፤ ቪንሰንት ዛሬ ከማንም የበለጠ ሰጥቷል፣ ዶላር ሳይሆን ራሱን ሰጥቷል አሉ። አንድ የቦርድ አባል የእንጨት ሥራ ክፍሉ በር በስሙ ቢጠራ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሃያ አምስት ሺህ የሚሰጥ ሰው ከተገኘ። ክፍሉ ከመስከረም ጀምሮ መምህር ስለማይኖረው ሊዘጋ እንደሚችል፣ በዚያውም ጣሪያው ማሳሰቡ እንደሚቀር አንድ ሌላ ሰው በቀስታ አስታወሰ፤ ይህም ቁጠባ ነው ተብሎ ደስ አሰኘ። ቨርነን ግን አልነበረም፤ መሣሪያዎቹን ሊለቅም ወርዷል።

ዶሪን ካፖርቷን ስታነሳ ዶክተር ሃሎዌል አጠገቧ መጡ፤ ፈገግታቸው ወደ ቦታው ተመልሷል። «ዓርብ የምንነጋገረው ቀርቷል፤ ወንበርሽ ወንበርሽ ነው» አሏት። «ሰኞ ግን በጠዋት ነይ። ወይዘሮ ረክስተን አንድ ሐሳብ ሰጡኝ። በሚመጣው ዓመት የምንነሳው በጡረተኞቹና ሥራ በለቀቁት ላይ ነው፤ እነሱንም መቶ ከመቶ። ወንድምሽን ከላይ ጻፊው፤ ትኩስ ስለሆነ።»

መኪና ማቆሚያው ላይ ቨርነን የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ቆሟል። ዝናቡ አባርቷል። በሩን ከፈተችለት፤ ሣጥኑን ከኋላ አስገብቶ ከፊት ተቀመጠ። የቻርልስ ጎዳና በዚያ ሰዓት አይንቀሳቀስም። ከፊታቸው የቆመው አውቶቡስ ጢሱን እየተፋ ቀይ መብራቱን ይጠብቃል። ዶሪን ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ለእኔ ብለህ ነው የለቀቅከው?»

ቨርነን የመቀመጫ ቀበቶውን አሰረ።

«አንድ ዶላር ብትሰጥ ኖሮ ደሞዝህም ክፍልህም አይሄድም ነበር። እኔም ለወንበሬ አልሰጋም ነበር። ሁሉም በአንዲት ዶላር ይሆን ነበር፣ ቨርን። ስልሳ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ ማን ሊቀጥርህ ነው?» ወደ እሱ ዞረች። «ሌላው ይቅር፤ ለእኔ ንገረኝ። ለእህትህ። ለምን?»

«አልነግርሽም።»

«ነገም?»

«ነገም። አረንጓዴ በርቷል፤ ንጂ።»